ግራ ጎኑን የዘነጋ ሕመምተኛና የእኛ ድርሻ

የተከበራችሁ አባቶች ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት፤

ስትሮክ የቀኙን የአንጎል ክፍል የጎዳበት ሰው፣ ዓይኑ ሳይታወር ግራ ጎኑን ሊዘነጋ ይችላል። ከእንጀራው የቀኙን በልቶ የግራውን ይተዋል፤ በግራው የተዘረጋለትን መስቀል ሳይሳለም ይቀራል። ይህም የሚሆነው ከንቀት ወይም ከእልኸኝነት ሳይሆን፣ አንጎሉ ትኩረቱን ወደ ግራ ማዞር ስለ ተሳነው ነው።

በብዙዎች ዘንድ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይሻላል፤ በአንዳንዶች ግን ለዓመታት ይዘልቃል። ስለዚህ ጥየቃችን በመጀመሪያው ሰሞን ብቻ አይወሰን። በሕመምተኛው ቀኝ ቆመን ሰላምታ ከሰጠን በኋላ ቀስ ብለን ወደ ግራው እንለፍ፤ በስሙ እየጠራን ፊቱን እንዲመልስ እናግዘው። እሳትና ፍል ውኃ ከግራው ይራቅ። ጸበሉንና ጸሎቱን ከሐኪም ክትትል ጋር አብሮ እንዲይዝ ቤተሰቡን እንምከር።

እግዚአብሔር ይርዳን።