ስለ ባርኔጣ

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



በዚህ መድረክ ከእኛ በፊት የቆሙት ተናጋሪዎች ስለ ትምህርት፣ ስለ ሀብትና ስለ አስተዳደር ነግረውናል። እኛ ግን ዛሬ የምንናገረው ስለ ባርኔጣ ነው። ርእሱ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ጊዜ አንዳንዶቻችሁ እንደ ሳቃችሁ ሰምተናል። አልተቀየምንም፤ እኛም ሥራውን ስንጀምር ስቀን ነበር። ሳቃችን የቆመው በሥራው መካከል ነው፤ ለምን እንደ ቆመ እስከ መጨረሻው ብትታገሡን እንነግራችኋለን።

ነገሩ እንዲህ ተጀመረ። ከመካከላችን የአንዱ አባት ልጃቸውን ሊጠይቁ ከገጠር መጡ። ጋቢያቸውን ደርበው፣ ክፈፉ ሰፊ የሆነውን ባርኔጣቸውን ደፍተው በግቢው በር ሲገቡ በጥላ ሥር ከተቀመጡት ተማሪዎች አንዱ «ካውቦይ መጣ!» አለ፤ የቀሩትም ሳቁ። ጓደኛችን ያን ጊዜ ሮጦ አባቱን አልተቀበለም። ሳቁ እስኪያልፍ ድረስ ከግድግዳ ኋላ ቆሞ ቆየ። ማታ ይህን ሲነግረን እንባው መጣ። ልናጽናናው ብንጀምር፣ ከእኛም ብዙዎቻችን በገበያ መካከል ወይም በመናኸሪያ እንዲህ ያለ ነገር አድርገን እንደምናውቅ እርስ በርሳችን ተናዘዝን።

ስለዚህ በዕረፍት ቀኖቻችን ከዲላ ገበያ ጀምረን፣ በወናጎና በይርጋጨፌ መንገድ እስከ ቡና ማጠቢያዎቹ፣ ወደ ላይም እስከ ቡሌ ደጋ ድረስ እየዞርን፣ ሠራተኛው ሕዝብ ራሱን በምን እንደሚሸፍን ለመጠየቅ ተስማማን። ጌዴኡፋ የምናውቀው ለማያውቁት እያስተረጐምን፣ ሽማግሌውንም ወጣቱንም ጠየቅን። መልሱን በተራ እናቀርባለን።

በመጀመሪያ ስለ ታሪኩ ጥቂት እንበል። ባርኔጣ የሚለው ቃል ዓረቦች «ቡርኔጣ»፣ ጣልያኖችም «ቤሬታ» ከሚሉት ጋር ዘመድ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በፎቶግራፎቻቸው ላይ ራሳቸውን በነጭ ጨርቅ አስረው በላዩ ሰፊ ባርኔጣ ደፍተው ይታያሉ፤ መኳንንቱም እንዲሁ ያደርጉ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የጌዴኦ አገር በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ሥር ሲገባና ገበሬው ገባር ሲሆን፣ ባርኔጣ የሹም ምልክት ነበር። ገባርነቱ፣ በኋላም ጭሰኝነቱ አልፎ በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ እስኪታወጅ ድረስ ብዙ ትውልድ አለፈ። ዛሬ ባርኔጣው በገበሬው ራስ ላይ ነው፤ የከተማው ሰው ትቶታል። እንግዲህ ትናንት የሚያስፈራው ባርኔጣ ዛሬ የሚያስቅ ከሆነ፣ የምንስቀው በባርኔጣው ሳይሆን በሚያደርገው ሰው ላይ ነው ማለት ነው። ይህን እያሰብን ወደ ፊት እንሂድ።

ሁለተኛው ነገር የአመራረጡ ነው። እኛ ሁሉም ገበሬ ባገኘው ባርኔጣ የሚሄድ ይመስለን ነበር፤ ነገር ግን ምርጫው በቦታና በሥራ የተለየ ነው። የጌዴኦ እርሻ እንደ ሌላው አገር ገላጣ እርሻ አይደለም። በላይ እንደ ዋንዛ፣ እንደ ብርብራና እንደ ብሳና ያሉት ዛፎች ጥላ ይዘረጋሉ፤ በሥራቸው ቡናና እንሰት፣ ከዚያም በታች ጐመኑና ሌላው አትክልት ይበቅላል። ይህ ዓይነቱ እርሻ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በዚሁ ጥበቡ ነው። በእንዲህ ያለው ጥላ ውስጥ እሸት ቡና የሚለቅም ሰው ሰፊ ባርኔጣ አይፈልግም። ክፈፉ በቅርንጫፍ እየተያዘ ያስቸግረዋል፤ ቀና ብሎ ፍሬውን ሲያይም ከኋላ ትከሻውን እየነካ ወደ ግንባሩ ይገፋበታል። ስለዚህ ለቃሚው ኮፍያ ወይም የሹራብ ቆብ ያደርጋል፤ ሴቷ ሻሽ ታስራለች።

ሰፊው ባርኔጣ የሚወጣው ከጥላው ሲወጡ ነው። ለገበያ መንገድ፣ ከብት ለመጠበቅ፣ ቡና በአልጋ ላይ ለማስጣት፣ በቡሌ ደጋም ገላጣ በሆነው የገብስ ማሳ ላይ ለመዋል ያስፈልጋል። በቆላው በኩል ነፋስ የሚያስገባ የገለባ ወይም የሰሌን ባርኔጣ ይመረጣል፤ ቀላል ነው፣ ላብም አያፍንም። በደጋው ግን ጧት ብርዱ፣ ከሰዓት ዝናቡ ስላለ የሱፉ ይሻላል። ሁለቱንም መግዛት የማይችል ሰው የሱፉን ይገዛል፤ ምክንያቱም «ፀሐይን ሻሽም ይከለክላል፤ ዝናብን ግን አይከለክልም» ብለውናል። ባርኔጣ የሌለው ደግሞ የኮባ ቅጠል አለው። ልጆች ዝናብ ሲይዛቸው ከእንሰቱ አንድ ቅጠል ቆርጠው በራሳቸው ላይ ይዘው ሲሮጡ ሁላችሁም አይታችኋል።

ሦስተኛው የልኩ ነገር ነው። ባርኔጣ ሻጩ ዕቃውን አምስትና ስድስት አድርጎ በራሱ ላይ ደራርቦ በገበያ ይዞራል። አንድ ሽማግሌ ሲገዙ አጠገባቸው ቆምን። ባርኔጣውን ደፉና ራሳቸውን ወደ ቀኝና ወደ ግራ ነቀነቁ። ከዚያም ሸክም እንደሚያነሣ ሰው እስከ መሬት ጐንበስ አሉ። ወደቀ። ሌላ ሰጣቸው፤ አልወደቀም፣ ነገር ግን ሲያወልቁት በግንባራቸው ላይ መሥመር አስቀርቶ ነበር። «ይህ ማታ ራስ ምታት ነው» ብለው መለሱለት። በሦስተኛው ጊዜ በግንባራቸውና በውስጡ ቀበቶ መካከል አንድ ጣታቸውን አስገብተው ሞከሩና ወሰዱት። ለምን ጥቂት እንደሚሰፋ አድርገው እንደ ወሰዱት ብንጠይቃቸው፣ «ልጆቼ፤ ሱፍ ዝናብ ሲመታው ይሰበሰባል። ዛሬ ልኬ የሆነው በክረምቱ የልጄ ልክ ይሆናል» አሉን። እስኪሰበሰብ ድረስ ደግሞ ጋዜጣ አጥፈው ከቀበቶው ሥር ያስገባሉ።

ከዚህ በኋላ አያያዙን ነገሩን። የረጠበ ሱፍ ከእሳት አጠገብ አይሰቀልም፤ በተደፋ ማሰሮ ላይ ተደፍቶ በነፋስ ይደርቃል። የገለባው በበጋ ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ ክፈፉን ከማጠፍ በፊት ውኃ ይረጩበታል። ጠርዙ ሲተረተር በቃጫ ይሰፋል። ለነፋስ ጊዜ ከአገጭ ሥር የሚታሰር ገመድ ያበጁለታል። ቀለሙ መጥፎ የሆነ እንደ ሆነ በዝናብ ጊዜ በፊት ላይ ስለሚወርድ፣ ብዙ ሰው ደመና ሲያይ ባርኔጣውን በፌስታል ይሸፍነዋል። እኛ በከተማ የምንስቅበት ፌስታል ምክንያቱ ይህ ነው፤ ያ ባርኔጣ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ቡና ሲሸጥ የሚገዛ ዕቃ ነውና።

አሁን ሳቃችን ወደ ቆመበት ቦታ ደርሰናል። በአንድ ቡና ማጠቢያ ከጧት እስከ ማታ ዋልን። የታጠበው ቡና በረጃጅም አልጋዎች ላይ ተሰጥቶ፣ በግራና በቀኝ የቆሙ ሴቶች ጐንበስ ብለው የተበላሸውን ፍሬ ይለቅማሉ፤ አብዛኞቹ በእኛ ዕድሜ ያሉ ናቸው። ፀሐይዋ በበረታች ጊዜ የሥራው ኃላፊ ጮኾ አዘዘ፤ ሴቶቹም ሮጠው ቡናውን ሸፈኑት። ለምን ብንል፣ በቀትር ፀሐይ ቡናው ቶሎ ከደረቀ ገለባው ይሰነጠቃል፣ ጣዕሙም ይበላሻል አሉን። መልካም ሥራ ነው፤ የይርጋጨፌ ቡና በዓለም የታወቀው በእንዲህ ያለው ጥንቃቄ ነው። ነገር ግን ከሸፈኑት በኋላ ሴቶቹ ወደ ጥላ አልሄዱም፤ ሌላ ሥራ ተሰጣቸው። ባርኔጣ ያደረጉትን ቈጠርን። ከሃያ ሦስቱ አራት ብቻ ነበሩ።

«ለምን አታደርጉም?» ብለን ጠየቅን። አንዲቱ እንዲህ መለሰችልን፦ «ውኃና እንጨት በጀርባችን ነው የምንሸከመው። ሸክሙ እስከ ማጅራት ሲደርስ ክፈፉን ወደ ዓይናችን ይገፋዋል። ለዚህ ብቻ እንዳንገዛ ደግሞ ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባን። ሰፊ ባርኔጣ የሚመቸው ጀርባው ባዶ ለሆነ ሰው ነው። ሴቶች የማያደርጉት ፀሐይ ስለማይነካቸው አይደለም።

የፀሐይዋም ነገር ቀላል አይደለም። ዲላ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ብቻ ትርቃለች፤ ስለዚህ በመጋቢት መጨረሻና እንደገና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ ፀሐይዋ በቀትር ልክ ከአናታችን በላይ ትቆማለች። ከፍታም በጨመረ ቁጥር ቆዳንና ዓይንን የሚጐዳው ጨረር ይጨምራል፤ በየ1,000 ሜትሩ ከመቶ ዐሥር ያህል ነው ይላሉ ሊቃውንቱ። ቀጭን ደመናም አብዛኛውን አይከለክለውም። ይህ ጨረር ለብዙ ዓመት በዓይን ላይ ሲወድቅ የዓይን ሞራ ከሚያመጡት ምክንያቶች አንዱ ነው። ለቀማ የዓይን ሥራ ነው፤ ዓይኗ የደከመባት ለቃሚ ደግሞ ሥራዋን ታጣለች። ከ7 ሳንቲ ሜትር የማያንስ ክፈፍ ፊትን፣ ጆሮንና ማጅራትን ለመጠበቅ ይረዳል። መድኃኒቱ ይህን ያህል ቀላል ነው።

እንግዲህ ምን እንላለን? ለመናገር ብቻ አልመጣንም፤ ሦስት ነገር እናሳስባለን።

አንደኛ፤ ባርኔጣ እንደ ቅርጫቱና እንደ ኬሻው የሥራ መሣሪያ ነው። ለቡናው መሸፈኛ የሚገዛ ባለ ማጠቢያ ለለቃሚዋም መሸፈኛ መግዛት ይገባዋል። ማኅበራችን ይህን በጽሑፍ አዘጋጅቶ በዙሪያችን ላሉት ማጠቢያዎችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት እንዲያቀርብ እንጠይቃለን። እንቢ የሚሉ ይኖራሉ፤ ቢሆንም መጠየቅ ከእኛ ይጀምር።

ሁለተኛ፤ በጀርባ ሸክም የማይገፋ፣ ከኋላው አጭርና ከፊቱ ሰፊ የሆነ፣ በሻሽ ላይ የሚታሰር የገለባ ባርኔጣ መሥራት አይቻልምን? ገለባውም ቃጫውም በአገራችን አለ፤ ስፌት የሚያውቁ እናቶችም አሉ። የእጅ ሥራና የግብርና መምህሮቻችን በዚህ ቢረዱን ደስ ይለናል። እኛ አንድ ሞክረናል፤ መልኩ አላማረም፣ ነገር ግን ያደረገችው እኅታችን የውኃ ጀሪካኗን ይዛ ስትሄድ አልወደቀም።

ሦስተኛው ለራሳችን ነው። በዚህ አዳራሽ ያለን የብዙዎቻችን የትምህርት ወጪ የተከፈለው በዚያ ባርኔጣ ሥር በወረደ ላብ፣ ባርኔጣ በሌላቸው እናቶቻችንም ጀርባ ነው። ጓደኛችን በሚቀጥለው ዕረፍት ወደ አገሩ በሄደ ጊዜ ነገሩን ለአባቱ ነገራቸው። አባቱም «አይቼህ ነበር» አሉት፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ይህን ሲነግረን ከመካከላችን ቀና ብሎ ሊያየው የቻለ አልነበረም።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፤ ከዛሬ ጀምሮ ባለ ባርኔጣ አባት በዚህ ግቢ በር ሲገባ የማን አባት ነው ብለን ሳንጠይቅ ተነሥተን እንቀበለው፤ ወንበርና ውኃ እናቅርብለት። ይህን ለማድረግ ስብሰባም ገንዘብም አያስፈልግም።