የሥነ ልቡና መምህር ስለ መሆን
(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)





ፊዚክስ ሊማር ዩኒቨርሲቲ የገባ ወጣት አለማወቁን ያውቃል። ሥነ ልቡና ሊማር የመጣው ግን ከሰው መካከል ያደገ እንደ መሆኑ መጠን የሰውን ጠባይ አስቀድሞ ያወቀ ይመስለዋል። የመምህሩ ሥራ የሚከብደውም በዚህ ነው። ብልህ መምህር ታዲያ ከተማሪው ጋር አይከራከርም፤ ነገሩን እዚያው ክፍል ውስጥ በፈተና ያሳየዋል እንጂ።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ተማሪ ሁሉ ደጋግሞ ማንበብ ትምህርትን እንደሚያጸና ያምናል፤ እናንተም ሳታምኑ አትቀሩም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2006 ዓ.ም. ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ይህን መረመሩት። ተማሪዎቹ አንዱን ጽሑፍ ደግመው አነበቡ፤ ሌላውን ግን ወረቀቱን ሳያዩ ያስታወሱትን ያህል ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደግመው ያነበቡትን አብልጠው አስታወሱ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ከአእምሮአቸው አውጥተው የጻፉት በልጦ ተገኘ። እንዲህ ያለውን ሙከራ ማንኛውም የሥነ ልቡና መምህር በክፍሉ ውስጥ ሊያሠራው ይችላል። በሌላ ትምህርት ተማሪው ስለ ሌላ ነገር ይማራል፤ እዚህ ግን የሚመረመረው ራሱ ተማሪው ነው።

ስለ መምህርነት ኑሮ ደግሞ ጥቂት ልጨምር። ወላጆች «ልጄ ይህን ያህል ተምሮ አስተማሪ ሆኖ ሊቀር ነውን?» ሲሉ ይሰማል። በብዙ አገር ያሉ ዩኒቨርሲቲዎችም ቢሆኑ ከዚህ አሳብ አልራቁም፤ ማዕረግ የሚሰጡት ይበልጡን በታተመ ምርምር ስለ ሆነ፤ የአንደኛው ዓመት ትልቅ ክፍል ለጀማሪው ይጣልለታል። በእኔ አስተያየት ይህ የተገላቢጦሽ ነው። ከሁሉ የበሰለው መምህር የሚያስፈልገው እዚያ ነውና።

በሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ዊልበርት ማኪቺ ይህን ዐውቀው ኖረዋል። በ1949 ዓ.ም. የዶክተርነት ማዕረግ ካገኙ በኋላ መግቢያውን ትምህርት ማስተማር አልተዉም፤ እዚያው ከአርባ ዓመት በላይ አስተማሩ። ለጀማሪ መምህራን ያዘጋጁት የማስተማር ምክርም መጽሐፍ ሆኖ ደጋግሞ ታትሟል። ማስተማራቸው ግን ከክብር አላጐደላቸውም፤ በ1976 ዓ.ም. የአሜሪካ ሥነ ልቡና ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነዋል። (እስከ እርጅናቸው ድረስም ኳስ ወርዋሪ ስፖርተኛ ነበሩ ይባላል።) ያረፉት በ2019 ዓ.ም. ነው።

ምርምራቸውን የሚያገኙት ከዚያው ከክፍላቸው ነበር። ተማሪ በፈተና ሰዓት ሲጨነቅ አይተው፤ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1955 ዓ.ም. አንድ ጥናት አወጡ። ምርጫ ባለበት ፈተና ላይ ለከፊሎቹ ተማሪዎች በየጥያቄው ሥር ክፍት ቦታ ተተወላቸው፤ ስለ ጥያቄው የመሰላቸውን እንዲጽፉም ተፈቀደ። ክፍት ቦታ የተሰጣቸው ከሌሎቹ የተሻለ ውጤት አገኙ። ጥያቄው ያው፤ ትምህርቱም ያው ነበር።

በመካከላችን ያሉ መምህራን በሚመጣው ፈተና ቢሞክሩት የሚያስወጣው ጥቂት ወረቀት ብቻ ነው፤ ተማሪዎችም የምትጽፉት እንደማይጠፋችሁ አምናለሁ።