ዶክተር፣ እርስዎስ ተከተቡ?

ልጆቼ፣ እንኳን ለምረቃችሁ ቀን አበቃችሁ!

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ሲነገር፣ እኔ የአንድ ሰው የመንጋጋ ጥርስ እየሞላሁ ነበር። ከጥርስ መቦርቦሪያው ሃንድፒስ የሚወጣውን ጉም ያን ቀን እንደ አዲስ አየሁት። በደቂቃ ከ300 ሺህ ጊዜ በላይ የሚሽከረከረው መሣሪያ ላይ የሚረጨው ውኃ ከምራቅና ከደም ጋር ተደባልቆ ፊታችን ላይ፣ መብራቱ ላይ፣ ልብሳችን ላይ እንደሚያርፍ ከተማርኩት ብዙ ዘመን ሆኖኛል። የፈራሁት ግን ያን ቀን ነው።

ልክ በዓመቱ፣ መጋቢት 4 ቀን 2013፣ ክትባቱ በኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ተጀመረ። ከጥቂት ቀናት በፊት በዓለም አቀፉ የክትባት ጥምረት በኮቫክስ በኩል 2 ሚሊዮን 184 ሺህ ዶዝ አስትራዜኒካ ገብቶ ነበር። ቅድሚያው ለጤና ባለሙያ ተሰጠ። እኛ ግን ሻይ ቤት ቁጭ ብለን «ደም ያረጋል»፣ «መካን ያደርጋል»፣ «እስቲ ሌላው ይቅደም» እንባባል ነበር። ይህን የምንለው የተማርን ሰዎች ነን። እኔም «ትንሽ ልቆይ» እያልኩ ሦስት ሳምንት አለፈኝ።

በክሊኒካችን አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ነበረች። የተሠራበትን ዕቃ ከየክፍሉ ሰብስባ የምትዘፈዝፈው፣ ያገለገሉ መርፌዎች የሞሉትን ሴፍቲ ቦክስ የምታነሳው እሷ ናት። አንድ ጠዋት ትሪውን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመችና «ዶክተር፣ እርስዎስ ተከተቡ?» አለችኝ።

«ገና ነኝ።»

«እንግዲያው እኔም ልቆይ» ብላ ሄደች።

ስለ ደም መርጋት አልጠየቀችኝም። ስለ ክትባቱ የሚወራውን ሁሉ ሰምታ ኖሮ፣ የእኔን ክንድ ትጠብቅ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሥራ አልሆነልኝም። በማግስቱ ይዣት ሄድኩ። ተራችን ሲደርስ «እርስዎ ይቅደሙ» አለች። መርፌው ገብቶ እስኪወጣ ዓይኗን ከክንዴ ላይ አላነሳችም፤ ከዚያ የጋውኗን እጅጌ ራሷ ሰበሰበች። ሌሊት ትኩሳትና ቁርጥማት ያዘኝ። ጠዋት ስልክ ደውላ «እርስዎንም አተኮስዎት?» አለችኝ፤ አዎ ስላት ተረጋጋች።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ዋና ነገር ግን እዚያው ወረፋ ላይ የሰማሁት ነው። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ወስዳ እንደሆነ ጠየቅኳት። ስሙንም አታውቀውም። ስምንት ዓመት የእኛን መርፌ ስታነሳ ሁለት ጊዜ ተወግታለች። «ለማን ተናገርሽ?» ስላት «ታጠብኩና ዝም አልኩ» አለች።

ኤችአይቪን ሁላችንም እንፈራለን፤ ቫይረሱ ያለበት ሰው ደም የነካው መርፌ ቢወጋን የመያዝ ዕድላችን 0.3 ከመቶ ገደማ ነው። በሄፓታይተስ ቢ ግን፣ ላልተከተበ ሰው፣ እስከ 30 ከመቶ ይደርሳል። ክትባቱ ደግሞ ሦስት ዶዝ ነው፦ ዛሬ፣ ከወር በኋላ፣ ከስድስት ወር በኋላ። የምትረሳዋ ሁልጊዜ ሦስተኛዋ ናት። ከእናንተም መካከል የረሳችኋት አላችሁ፤ ወላጆቻችሁ ፊት እጅ አውጡ አልላችሁም፣ ሰኞ ግን ሄዳችሁ ጨርሷት።

የምንረሳው ክትባት ብቻ አይደለም፤ ኮሮና ጋብ ሲል ያን ጊዜ እናደርገው የነበረው የፊት መከለያ ወዴት ሄደ? መሳቢያ ውስጥ ገባ። ሃንድፒስን በአልኮል ጠርጎ ወደ ቀጣዩ ሰው አፍ ማስገባትም ተመልሶ መጥቷል። ይህ ያስቆጣኛል! ውስጡ ወደ ገባው ደም አልኮል አይደርስም። መሣሪያው በእንፋሎት ጀርም የሚገድለው ኦቶክሌቭ ውስጥ ገብቶ በ134 ዲግሪ ቢያንስ 3 ደቂቃ መቆየት አለበት፤ ያውም ከታጠበና ዘይት ከተቀባ በኋላ። ኮሪደሩ በታካሚ ቢሞላም፣ ባለቤቱ ቢቆጣም፣ ለታካሚው «ትንሽ ይጠብቁኝ፣ ዕቃው አልደረሰም» በሉት። የሚቀየም ካለ ይቀየም።

ሥራ በጀመራችሁ ቀን ደግሞ መርፌያችሁን ማን እንደሚያነሳ ጠይቁ። ስሟን እወቁ፤ ተከትባ እንደሆነም ጠይቋት።

የእኛዋ የጽዳት ሠራተኛ የሄፓታይተስ ቢን ሦስተኛ ዶዝ የወሰደች ቀን ካርዷን አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው። ሦስቱንም ማኅተም በጣቷ እየነካች ቆጠረችልኝ። ከዚያ ካርዷን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ትሪውን አንስታ ወደ ሥራዋ ሄደች።