ዓይኑ ለደከመ ተመልካች ቴሌቪዥን ስለ መምረጥ
(በሰመራ በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ማኅበራችን ለመዝናኛ አዳራሹ ቴሌቪዥን ለመግዛት ገንዘብ እንዳዋጣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እስካሁን የተከራከርነው ስለ ዋጋውና ስለ ስፋቱ ነው። ዛሬ ግን የምንናገረው ዓይናቸው ስለ ደከመ ጓደኞቻችን ነው፤ እነርሱ ማታ ወደ አዳራሹ የሚመጡት ለማየት ሳይሆን ለመስማት ነውና።

ነገሩ የጥቂቶች ነው የሚል ቢኖር፣ በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝቡ ከመቶ 1.6 እጅ ዓይነ ስውር፣ ከመቶ 3.7 እጅ ደግሞ ዝቅተኛ እይታ ያለው ሆኖ መገኘቱን ያስታውስ። ከዋነኞቹ ምክንያቶች የዓይን ሞራና ትራኮማ ይገኙበታል። ሞራ በቀዶ ሕክምና ይነሣል፤ ስለዚህ አዋሽ ሰባት ዓይናቸው የደበዘዘ አባት ያሉት ጓደኛ ከሱቅ በፊት ወደ ሐኪም ይውሰዳቸው። ትራኮማ ብሌኑን ካቆሰለው በኋላ ግን በቀረችው እይታ በሚገባ መጠቀም ያስፈልጋል።

ነጋዴው ከሁሉ አስቀድሞ «ይህ አራት ኬ ነው» ይለናል። ይኸውም በአግድም 3840፣ በቁም 2160 ነጥብ ማለት ነው። ደካማ ዓይን ግን ያን ሁሉ ደቃቅ ነጥብ ለይቶ አያይም፤ የሚረዳው የጥቁሩና የነጩ መራራቅ ነው። ቪኤ የሚባለው ስክሪን ይህ ልዩነቱ ብዙ ጊዜ 3000 ለ1 ገደማ ሲሆን፣ አይፒኤስ የሚባለው 1000 ለ1 ገደማ ነው። ኦሌድ ከሁለቱም ይበልጣል፤ ዋጋው ግን ከእኛ ኪስ በላይ ነው። ቪኤ አንድ ጉድለት አለው፤ በጎን ለተቀመጠ ሰው ሥዕሉ ይደበዝዛል። እንግዲያውስ ቪኤ ገዝተን የፊተኛውን የመካከል ወንበር ለእነርሱ እንልቀቅ።

ስለ ወንበር ካነሣን ዘንድ፦ ከአራት ሜትር ወደ ሁለት ሜትር የቀረበ ሰው ሥዕሉ እጥፍ ሆኖ ይታየዋል፤ ለዚህም አንድ ሳንቲም አይከፍልም። ልጆች ሳለን «ራቅ በሉ፣ ዓይናችሁ ይጠፋል» እየተባልን አድገናል፤ ቀርቦ ማየት ግን ዓይንን አያጠፋም።

ሌላው የሰመራ ፀሐይ ነው። እንደ መስተዋት የሚያብለጨልጭ ስክሪን መስኮቱን እንጂ ዜናውን አያሳይም፤ ብሌኑ ጠባሳ ላለበት ሰውማ ነጸብራቁ ሥቃይ ነው። ፊቱ የማያብለጨልጭ ይመረጥ፤ ከመስኮት ትይዩም አይቀመጥ። ብርሃኑም በዛ ማለት ተሻለ ማለት አይደለም፤ አንዳንዱ ዓይን ሲቀነስለት ነው የሚያየው።

በሱቅ የሚታየው አበባና ዓሣ ማንንም ያታልላል፤ ቀለሙ ለገዢ ዓይን ተብሎ የተጋነነ ነው። ነጋዴው ወደ ተራው ሥዕል እንዲመልሰው ጠይቀን ከታች ጽሑፍ የሚያልፍበትን ዜና፣ ቀጥሎም የእግር ኳስ ጨዋታ እናስከፍት። ኳሷ ትታያለች? ጽሑፉ ይነበባል? የሪሞቱ ቁልፎችስ በጣት ይለያሉ? ይህን የሚመልሰው አስመራጭ ኮሚቴው አይደለም። ስለዚህ ኮሚቴው ወደ ሎጊያ ገበያ ሲወርድ ከእነዚሁ ጓደኞቻችን ቢያንስ ሁለቱ አብረው እንዲሄዱና የመጨረሻው ቃል የእነርሱ እንዲሆን እንጠይቃለን።