መለያ የሌለው ጠርሙስ

(በካኩማ የስደተኞች ጣቢያ ለማታ ትምህርት ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የቆምኩት ሰዋስው ለማስተማር አይደለም። እንደምታውቁት ከዚህ ክፍል አራት ወጣቶች ምንጣፍ አጠባ ጀምረዋል። ከሱቅ፣ ከሆቴል ቤትና ከመስጊድ ምንጣፍ እየተቀበሉ አጥበው ይመልሳሉ። በጣም ደስ ብሎኛል። ራሽን እየጠበቁ መዋል ሰውን ምን እንደሚያደርገው ለእናንተ አልነግራችሁም። ነገር ግን ባለፈው ሳምንት የሥራ ቦታቸውን ልጎበኝ ሄጄ ከአጥሩ ሥር አንድ የፋንታ ጠርሙስ አየሁ። ውስጡ ፈሳሽ አለ። «ይህ ምንድነው?» ብዬ ጠየቅሁ። አንደኛው «ጂክ ነው» አለኝ። ሁለተኛው «ኧረ አይደለም ቲቸር፣ የሽንት ቤት ማጽጃው ነው» አለ። ሁለቱም ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ወደዚህ ጣቢያ ከመምጣቴ በፊት ናይሮቢ ኢስሊ ውስጥ በአንድ ምንጣፍ ማጠቢያ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። የአሠሪዬን ስም አላነሳም። በዝናብ ወራት ነበርና ምንጣፉን ከግቢ አንስተን ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ መስኮት የሌለው መጋዘን አስገባነው። ነጭ ምንጣፍ ነው፤ የዝገት እድፍ አለበት። በጂክ ብናሸው አልለቀቀም። አለቃችን መለያ የሌለው ጠርሙስ አቀበለኝና «ይህን ጨምርበት» አለ። ጨመርኩ። በጠርሙሱ ውስጥ የነበረው አሲድ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው።

እኔ ቆሜ ነበር የማፈሰው። ጓደኛዬ ተንበርክኮ በብሩሽ ያሻል። መጀመሪያ ዓይናችንን ወጋን፤ ቀጥሎ ጉሮሯችንን ያዘን። እየተደናበርን ወጣን። አለቃችን ለጓደኛዬ ወተት ገዝቶ አጠጣው። ማታ ላይ ተሽሎኛል ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። ሌሊት ትንፋሽ አጠረውና ጎረቤቶቹ ተሸክመው ሆስፒታል አደረሱት። ብዙ ቀን ተኛ። ከዚያ ወዲህ ደረጃ ሲወጣ በየመሐሉ እየቆመ ነው። ወደ ሥራ ሊመለስ ሲሄድም በቦታው ሌላ ሰው ተቀጥሮ ጠበቀው።

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ሰው ነኝ። ኬሚስትሪም ተምሬአለሁ። ማንበብ እችላለሁ፤ ጠርሙሱ ላይ ግን የሚነበብ ነገር አልነበረም።

አሁን ነገሩን በደንብ እንየው። ጂክ የምንለው፣ በአገራችን በረኪና የሚባለው፣ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት የተባለ ነገር በውሃ የተበጠበጠበት ነው። ለብቻው ሲሆን በአግባቡ ከተያዘ ይሠራል። ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ግን ክሎሪን የተባለው ጋዝ ይወጣል። የሽንት ቤት ማጽጃ ብዙውን ጊዜ አሲድ ነው፤ የዝገት ማስለቀቂያ አሲድ ነው፤ ኮምጣጤም ቢሆን አሲድ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1915 ቤልጂግ ውስጥ ኢፕር በተባለች ከተማ አካባቢ የጀርመን ጦር በጠላቱ ላይ የለቀቀው ይኸው ጋዝ ነው። ከአየር ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ስለሚከብድ ወደ መሬት ይወርዳል። የቆምኩት እኔ ሁለት ሳምንት በሳል ስገላገል የተንበረከከው ጓደኛዬ የተጎዳው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላም አለ። ሕፃን የሸናበት ምንጣፍ ሲቆይ ያንን የሚያንቅ ሽታ ያመጣል። ሽታው አሞኒያ ነው። በዚያ ላይ ጂክ ብታፈሱበት ክሎራሚን የሚባል ሌላ መርዘኛ ጋዝ ይነሣል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ምንጣፍ መጀመሪያ በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ማለቅለቅ፣ ከዚያም በሳሙና ማጠብ ነው። ከሱፍ በተሠራ ምንጣፍ ላይ ግን ጂክ ጨርሶ አይፈስም፤ ሱፉን ይበላዋል፤ ዕዳውም የእናንተ ይሆናል።

ጋዝ ከተነሣ ሥራውን ጥሎ መውጣት ነው። ንፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ፣ ከፍ ወዳለ ቦታ ሂዱ። ባልዲውን ላውጣ፣ ስልኬ ቀረ ብላችሁ አትመለሱ። ፈሳሹ ዓይን ውስጥ ከገባ ከ15 ደቂቃ ላላነሰ ጊዜ በንጹሕ ውሃ ማጠብ፤ የነካውን ልብስም ማውለቅ ያስፈልጋል። ስለ ወተቱ ደግሞ ልናገር፤ ከአገራችን ይዘነው የመጣን ልማድ ስለሆነ ብዙዎቻችሁ እንደምትከራከሩኝ አውቃለሁ። ወተት የሚወርደው ወደ ሆድ ነው። ጋዙ የገባው ሳንባ ውስጥ ነው። ወተቱ ራሱ አልጎዳውም፤ የጎዳው «ጠጥቻለሁ፣ ድኛለሁ» ብሎ ክሊኒክ ሳይሄድ መቅረቱ ነው። ሳንባ ውሃ የሚቋጥረው ከሰዓታት በኋላ ሊሆን ይችላል። በመሆኑም የተሻለው ሰውም ቢሆን ክሊኒክ ሄዶ ምን እንደተነፈሰ መናገር አለበት። በ2020 በኮሮና ጊዜ የለመድነው የጨርቅ ጭምብልም ጋዝ አያግድም። ደረቅ ምንጣፍ ስታራግፉ ለአቧራው ትንሽ ይረዳችኋል፣ ያ ብቻ ነው።

ወገባችሁንም አስቡ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። ምንጣፉ ባለ 10 ሊትር አራት ባልዲ ውሃ ጠጥቶ ከቀረ 40 ኪሎ ተጨመረበት ማለት ነው፤ የራሱ ክብደት ሳይቆጠር። ስለዚህ ውሃውን በመግፊያ አስወጡ፣ ጠቅልላችሁ ይንጠፍጠፍ፣ ከዚያ ሁለት ሆናችሁ አንሡ። ሳሙና በፈሰሰበት ሲሚንቶ ላይ በሸበጥ ቆሞ ማንሣት ለመውደቅ መዘጋጀት ነው። ወደፊት ማሽን ከገዛችሁም በእርጥብ እጅ ሶኬት አትንኩ፤ ጄኔሬተርም ቤት ውስጥ አይነሣም፤ ጭሱ ሽታ በሌለው መርዝ ይገድላል።

ተቀጥራችሁ የምትሠሩ ደግሞ ይህን ያዙ። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2007 የሥራ ላይ ደኅንነትና ጤንነት ሕግ አውጥታለች። አደገኛ ኬሚካል መለያ እንዲኖረው ያዛል፤ አሠሪው መከላከያ እንዲያቀርብ ያዛል። በዚያው ዓመት በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ካሣ የሚወስን ሕግም ወጥቷል። እኔና ጓደኛዬ ይህን አናውቅም ነበር። ካሣ ስንጠይቅ «ያፈሰስከው አንተ ነህ» ተባልኩ፤ አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። እውነትም ያፈሰስኩት እኔ ነበርኩ፤ ይህ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ለአራቱ ወጣቶች ግን ጉዳዩ ይከብዳል። እናንተ አለቃ የላችሁም። አንዳችሁ ብትጎዱ ካሣ የሚጠየቅ ሰው የለም። ስለዚህ ከመካከላችሁ አንዱ «ይህን አላፈስም» ሲል ሌሎቻችሁ ፈሪ አትበሉት።

እጣቢውንም ወደ ታራች ላጋ አትልቀቁት። ወንዙ ሲደርቅ አሸዋውን ቆፍረው ውሃ የሚቀዱ ሰዎች አሉ።

ጠርሙሱን በተመለከተ ከልጆቹ ጋር ተስማምተናል። የፋንታው ጠርሙስ ከመጠጥ ጋር ስለሚምታታ፣ ሕፃን ልጅ አንስቶ ሊጠጣው ስለሚችል፣ ከእንግዲህ ኬሚካል አይገባበትም። ፈሳሹ በተገዛበት ዕቃ ይቀመጣል። ዕቃው ላይ በማዕዘኑ የቆመ፣ ጠርዙ ቀይ የሆነ አራት ማዕዘን ፈልጉ፤ ውስጡ ፈሳሽ እጅና ብረት ላይ ሲንጠባጠብና ሲበላ የሚያሳይ ሥዕል ካለ ቆዳና ዓይን የሚያቃጥል ነው። ፊደል ያልቆጠረ ሰውም ያውቀዋል። ጽሑፉ እንግሊዝኛና ስዋሂሊ ስለሆነ ደግሞ የነገው የማታ ትምህርታችን እሱ ነው። የምትሠሩባቸውን ዕቃዎች ክዳናቸውን አጥብቃችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ክፍል ውስጥ አይከፈቱም። በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በአኙዋክም መለያ እንጽፍባቸዋለን። ማርከሩንና ፕላስተሩን እኔ አመጣለሁ።