ለደጋና ለቆላ የሚሆን ልብስ
(ወደ ሐርላ ለሚደረገው የእግር ጉዞ መሰናዶ በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



የጉዞው ኮሚቴ ስለ ልብስ ጥቂት ቃል እንድናገር ባዘዘኝ ጊዜ አንዳንድ ጓደኞቼ «ደግሞ ለሱሪና ለሹራብ ንግግር ያስፈልጋልን?» ብለው ሳቁብኝ። ባለፈው ክረምት የደረሰብንን ባላይ ኖሮ እኔም አብሬ በሳቅሁ ነበር።

እንደምታውቁት ሐርላ ከድሬዳዋ በስተደቡብ ምሥራቅ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በኮረብታዎች መካከል የምትገኝ መንደር ናት። አባቶች የግዙፋን ከተማ ነበረች ይሏታል። የመሬት ቁፋሮ ሊቃውንት ግን በ2009 ዓ.ም. ለዓለም እንዳስታወቁት፣ ከአፈሯ የወጣው የ12ኛው ምዕተ ዓመት መስጊድ፣ የብርጭቆ ዶቃ፣ የባሕር ዛጎልና ከቻይና የመጣ የሸክላ ስባሪ ነው። ይህን የመሰለ ስፍራ በመኪና መስኮት ብቻ ተመልክቶ ማለፍ አይገባም፤ በእግር ሊሄዱበት ይገባል።

እኛም አራት ሆነን በእግር ወጣን። ስንነሣ ፀሐዩ ያቃጥል ስለነበረ ዝናብ ያሰበ ማንም አልነበረም። አንደኛው ጓደኛችን ወፍራም ጂንስና የጥጥ ሹራብ ለብሶ «እኔስ ተዘጋጅቻለሁ» ይለን ነበር። ከቀትር በኋላ ደመናው ወረደ፤ ዝናቡም ነፋስ ይዞ መጣ። የጓደኛችን ልብስ ውሃውን ጠጥቶ እንደ ድንጋይ ከበደው። ጥቂት ቆይቶ ጥርሱ ይንገጫገጭ ጀመር፤ ከዚያም የጠየቅነውን ትቶ ሌላ ነገር ይመልስልን ነበር። ያን ጊዜ በእውነት ፈራን። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ቤታቸው አስገብተው እርጥቡን ልብስ አስወለቁትና በደረቅ ብርድ ልብስ ጠቀለሉት፤ ትኩስ ሻይም አጠጡት። ነፍሱ መለስ ሲል «ልጆቼ፣ ድሬዳዋን ለብሳችሁ ደጋ ትወጣላችሁ?» አሉን። የዛሬው ንግግሬ በሙሉ ከዚህ ከሽማግሌው ቃል የተቀዳ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ላይ ትገኛለች። ወደ ላይ 1,000 ሜትር በወጣን ቁጥር አየሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ጥጥ በቆላ ፀሐይ መልካም ልብስ ነው፤ ላብ ይመጣል፣ ሰውነትንም ያቀዘቅዛል። በደጋ ዝናብ ግን ይኸው ምግባሩ ጠላት ይሆናል፤ ውሃ ይይዛል፣ ቶሎ አይደርቅም፣ የሰውነትንም ሙቀት ይወስዳል። ሱፍ እርጥበት ቢነካውም ሙቀት አይነፍግም። ናይሎንና ፖሊስተር ውሃ እምብዛም ስለማይጠጡ ቶሎ ይደርቃሉ።

ስለዚህ አንድ ወፍራም ልብስ ከመልበስ ሦስት ቀላል ልብሶችን መደራረብ ይሻላል። የመጀመሪያው ላቡን የሚያሳልፍ ስስ ካናቴራ፣ ሁለተኛው ሙቀት የሚይዝ የሱፍ ሹራብ፣ ሦስተኛው ነፋስና ዝናብ የሚከለክል ካፖርት ነው። ይህ የባዕድ ጥበብ ብቻ አይምሰላችሁ። የመንዝ ሰው ከበግ ጠጉር ባና ሠርቶ ብርዱን ሲከላከል፣ የደጋ እረኛም ከሣር የተጎነጎነ ገሳ ደርቦ ዝናቡን ሲያሳልፍ ኖሯል። የማሞቂያውና የመከለያው ሥራ ልዩ ልዩ መሆኑን ከእኛ በፊት አውቀውታል።

«ገንዘቡ ከወዴት ይምጣ?» የሚል ይኖራል። ታይዋን ገበያ ገብቶ ሰልባጁን በማስተዋል ለሚያገላብጥ ሰው መልሱ እዚያው ነው። ስፌቱን በሁለት እጃችሁ ሳብ አድርጉት፤ ከተከፈተ ተዉት። ጨርቁን ወደ ፀሐይ አንሡት፤ የሣሣው ይታያችኋል። ከስፌቱ የተንጠለጠለች ክር ካለች ከልብሱ አርቃችሁ በክብሪት ለኩሷት፤ እንደ ወረቀት ከሸተተች ጥጥ፣ እንደ ጠጉር ከሸተተች ሱፍ፣ ቀልጣ ከተንጠባጠበች ናይሎን ወይም ፖሊስተር ናት። ሱሪውን ለብሳችሁ ጉልበታችሁን ወደ ደረት አንሡ፤ ከያዛችሁ ለዳገት አይሆንም። ደግሞም ሰኞ ለትምህርት፣ ቅዳሜ ለተራራ የሚያገለግለውን ምረጡ፤ ለአንድ ቀን ብቻ የሚሆን ልብስ ለተማሪ ውድ ነው።

ስለ ጫማ ስናገር «አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አሸንፎ የለምን?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ አሸንፏል። ነገር ግን ከአራት ዓመት በኋላ በቶኪዮ ጫማ አድርጎ ሮጦ አሸንፏል። በረባሶም ቢሆን ጠንካራ ነው፤ የምመክረው እግር የለመደውን፣ ሶሉ ያላለቀውን እንድታደርጉ ነው። ለጉዞው ዋዜማ የተገዛ አዲስ ጫማ ግን እግር ያቆስላል።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ከጎርፍ የሚያድን ካፖርት የለም። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች መውሰዱን የዚህች ከተማ ልጅ አይረሳውም። ከተማው ላይ ፀሐይ እያለ ተራራው ላይ ሊዘንብ ይችላል፤ ስለዚህ ዝናብ ቢመጣ በደረቅ ወንዝ አሸዋ ላይ መጠለል ፈጽሞ አይገባም።

የመጨረሻ ቃሌ ለማኅበራችን ነው። ካፖርት የለኝም ብሎ ስሙን ሳያስመዘግብ የቀረ ጓደኛ እንዳለ አውቃለሁ፤ ምክንያቱን ግን ለማንም አይናገርም። ስለዚህ አንድ የጋራ ሣጥን እንዲቋቋም አሳስባለሁ። መምህሮቻችን የማይለብሱትን ካፖርት፣ እኛም የተረፈንን ሹራብ እናስገባበት፤ የሚሄድ ሁሉ ሳይጠየቅ ይውሰድ፣ ሲመለስ አጥቦ ይመልስ። እኔ ያን ቀን ለብሼው የነበረውን የዝናብ ልብስ ዛሬ ይዤ መጥቻለሁ። ያን ዕለት በቦርሳዬ ሌላ ደረቅ ሹራብ ነበረኝ፤ ጓደኛዬ እየተንቀጠቀጠ ሳለ «ለራሴስ?» እያልኩ ዘግይቼ ነው ያወጣሁለት። ይህ ስለሚከነክነኝ የመጀመሪያው ሰጪ ልሁን።