እንሰት በሁለት መዝገብ



ከዲላ ከተማ ተነሥቶ ወደ ቡሌ ደጋ የሚወጣ መንገደኛ በመጀመሪያ ቡናና እንሰት በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ተሰባጥረው ያገኛል፤ ሽቅብ በወጣ ቁጥር ቡናው እየሳሳ፣ እንሰቱ እየበረከተ ይሄዳል። ይህ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የመልክዐ ምድሩ ምሰሶ የሆነው እንሰት ግን ሁለት ዓይነት መዝገብ አለው፤ አንደኛው በሊቃውንት መጽሐፍ፣ ሁለተኛው በገበሬው ልቡና ይገኛል።

በቅድሚያ የሊቃውንቱን እንመልከት፤ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ፣ እንሰትን ከሙዝ የሚቆጥሩ ሰዎች መሳሳታቸውን አመልክቶ ነበር። ሆኖም ጀርመናዊው ግሜሊን በ1791 ተክሉን ከሙዝ ወገን ደምሮ «ሙሳ እንሰቴ» አለው። በ1859 ደግሞ አውስትሪያዊው ዌልዊች በአንጎላ ያገኘውን ተክል «ሙሳ ቬንትሪኮሳ» ሲል ሰየመ፤ ቃሉ በላቲን ሆደ ሰፊ ማለት ነው። በ1862 ሩሲያዊው ሆራኒኖቭ እንሰትን ራሱን የቻለ ወገን፣ ማለትም ጂነስ፣ አደረገው። ይህንኑ አመዳደብ በ1947 እንግሊዛዊው ቺዝማን መልሶ አጸናው።

ልዩነቱ መሠረታዊ ነው። ሙዝ ከሥሩ ችግኝ እያወጣ ራሱን ይተካል፤ እንሰት ግን በተፈጥሮው ነጠላ ሆኖ ያድጋል፣ አንድ ጊዜ አብቦና አፍርቶም ይሞታል። የክሮሞዞሙ መሠረታዊ ቁጥር 9 ሲሆን፣ የሚበላው ሙዝ ቁጥር 11 ነው።

በዕፅዋት አሰያየም ሕግ የወገንና የዝርያ ስም አንድ ቃል ሊሆን አይችልም። ስለዚህ «እንሰቴ እንሰቴ» ማለት ስላልተቻለ፣ በቀደምትነት ተከታይ የሆነው የዌልዊች ስም ተወስዶ ተክሉ «እንሰቴ ቬንትሪኮሱም» ተባለ። የወገኑ ስም ከኢትዮጵያ፣ የዝርያው ስም ከአንጎላ ከተገኘ ተክል መምጣቱም በዚሁ ምክንያት ነው።

የሊቃውንቱ መዝገብ በዚህ ይቆማል፤ በኢትዮጵያ የሚለማው እንሰት ሁሉ በእርሱ ዘንድ አንድ ዝርያ ነው። የገበሬው መዝገብ ግን ከዚህ ይጀምራል። የጌዴኦ ገበሬ ጋንቲቾን፣ ቶራቾንና ኒፎን ለይቶ ያውቃል። የሚለየውም በግንዱና በቅጠሉ አከርካሪ ቀለም፣ በሚደርስበት ዘመን፣ በቆጮው ብዛትና ጥራት፣ በቃጫው ጥንካሬ ነው። ይህ አጠራር ልማድ ብቻ አይደለም። እንሰት የሚባዛው ከመሬት በታች ያለው ሥረ ግንድ ተቆርጦና እምብርቱ ወጥቶ ሲቀበር ስለ ሆነ፣ የሚበቅሉት ችግኞች ሁሉ የእናታቸው ግልባጭ ናቸው። እንግዲህ ትክክለኛ ስም የማይለዋወጥ ተክልን ይወክላል ማለት ነው።

የሁለቱ መዝገቦች መራራቅ ጉዳት የሚያመጣው በሽታ ሲገባ ነው። የእንሰት አጠውልግን የሚያመጣውን ባክቴሪያ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ በ1968 ለይተው «ዛንቶሞናስ ሙሳሴያረም» ብለው ሰየሙት። በ2020 በዘረመል ንጽጽር የማሽላንና የሸንኮራ አገዳን ሕመም ከሚያመጡት ባክቴሪያዎች ጋር በአንድ ዝርያ ተመድቧል። ይህም የአመዳደብ ለውጥ ተመራማሪው ዓይኑን በእንሰቱ ብቻ ሳይሆን በጎረቤት ሰብሎችም ላይ እንዲያሳርፍ ያስገድደዋል።

በሽታው በተበከለ ቢላዋ ከግንድ ወደ ግንድ ይተላለፋል። በወላይታ «ማዚያ» የተባለው ዓይነት ሕመሙን በተሻለ እንደሚቋቋም በምርምር ታውቋል። ነገር ግን ወናጎ ወይም ይርጋጨፌ ላለ ገበሬ ይህ ስም ምን ይነግረዋል? አንዱ ተክል በየአካባቢው የተለያየ ስም ሊይዝ ይችላል፤ አንዱ ስምም ሁለት የተለያዩ ተክሎችን ሊጠራ ይችላል። መለያ ቁጥሩ የተፋለሰ መለዋወጫ ይዞ ሞተር መጠገን እንደማይቻል፣ ስሙ በተፋለሰ ችግኝም በሽታን መመከት አይቻልም።

መፍትሔው አንደኛውን መዝገብ በሌላው መሻር አይደለም። በአረካ የምርምር ማዕከል በርካታ መቶ የእንሰት ዓይነቶች በመስክ ተሰብስበዋል። ለእያንዳንዱ ዓይነት የዘረመሉ ማስረጃ፣ የቅርጹ መግለጫና በየቋንቋው የሚጠራበት ስም በአንድ ገጽ ቢሰፍር፣ ወላይታ ላይ የተገኘው ዕውቀት ለጌዴኦ ማሳ ይደርሳል። ይህም ሥራ ስሞቹን የሚያውቁት አዛውንት በሕይወት ሳሉ መጀመር ይገባዋል፤ ጠሪው ያለፈ ስም ከማሳው ላይ ቢፈለግ አይገኝምና።